ገብስ ቀምሶ የማያውቅ ጭላዳ

ጭላዳው ከሳጥኑ ጀርባ ብቅ ብሎ ገብሱን ያያል። አንድም ልጅ አይጮኽም።

ይመኙሽ እጇን በአሻንጉሊቱ ሆድ ውስጥ እንዳደረገች ትጠብቃለች። የጭላዳው ራስ ከቅል የተሠራ ነው፤ ጠጉሩን ከፍየል ቆዳ ሰፍታለታለች። ገብሱ ግን እውነተኛ ነው፤ እዚሁ ኮሶዬ ከማሳ ተቆርጦ፣ በሳጥኑ ጭቃ ላይ የተተከለ። ሌላ ማክሰኞ ቢሆን ይኼኔ ሕፃናቱ ከምንጣፉ ተነሥተው፣ «ሃይ! ክላ! ያባቴ ገብስ ነው!» እያሉ እስከ በሩ ያሳድዱት ነበር። ጭላዳው ገብስ ቀምሶ አያውቅም።

ዛሬ ፊታቸው ታጥቧል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል። ይመኙሽ ገና ከመኪናው ስትወርድ መምህርታቸው ፍቅርተማርያም በጆሮዋ ነግራታለች፦ «አታስቢ እቴ፣ መክሬያቸዋለሁ። እንግዳ ፊት ትንፍሽ የሚል የለም። አያሳፍሩሽም።» እንግዳው ከኋላዋ እየወረደ ነበርና መልስ መስጫ ጊዜ አልነበራትም።

እንግዳው አቶ ክንዱ በሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከሕፃናት ጋር ለሚሠሩ ከያንያን ደመወዝ ከሚከፍለው ድርጅት ነው የመጣው፤ ድጋፉ ለከርሞ ይቀጥል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ከዚህ ሥራ በፊት ይመኙሽ ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ የባህል ምሽት ቤት ውስጥ እስክስታ ትወርድ ነበር። የቤቱ ባለቤት መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር፣ «ቀሚስሽ እንደተሰቀለ ነው» ይላታል።

«ልበላው ነው እኮ!» ትላለች በጭላዳው ድምፅ።

ከፊት የተቀመጠችው ዝናሽ አፏን ትከፍታለች። ከዚያ መምህርቷን ታያለች። ትዘጋዋለች። ፍቅርተማርያም በኩራት ራሷን ትነቀንቃለች።

ለዚህ የተዘጋጀ ጨዋታ የለም። ጭላዳው አንዱን ዛላ ነቅሎ ይውጣል፤ ሌላውን ያስከትላል። ባዶ ጭቃ ሲቀር ጭላዳው ቀና ብሎ ሕፃናቱን ያያል፤ ሕፃናቱም እሱን።

አቶ ክንዱ ብቻውን ያጨበጭባል።

«ሙያዎ ግሩም ነው፣ አርቲስት። ግን የእኛ ድጋፍ ልጆቹ ራሳቸው ለሚሳተፉበት ሥራ ነው። እነዚህ ዝም ብለው ነው ያዩት።»

«ሁልጊዜ እንዲህ አይደሉም» ትላለች ይመኙሽ።

«እውነቷን ነው!» ትላለች ፍቅርተማርያም ፊቷ በርቶ። «ሌላ ጊዜማ ጣራውን ነው የሚያወርዱት! ዛሬ ግን ምን የመሰሉ ሸጋ ልጆች ሆኑልኝ!»

አቶ ክንዱ ፈገግ ይላል። «በየሄድኩበት እንዲሁ ይሉኛል። እኔ ግን የምናገረው ያየሁትን ነው።» በመስኮቱ ወደ መንገዱ ይመለከታል። «ጉሙ እየወረደ ነው፤ ሳይዘጋብን ጎንደር እንግባ። መኪናው ውስጥ እጠብቅዎታለሁ።»

ፍቅርተማርያም ልትሸኘው ተከትላው ትወጣለች። «ምነው፣ እህል ሳይቀምሱ?» ስትል ከደጅ ይሰማል።

ሕፃናቱ እጃቸውን እንዳጣመሩ ናቸው። ፍቱ ያላቸው የለም። ይመኙሽ በነፃ እጇ ሳጥኑን መዝጋት ትጀምራለች።

ዝናሽ ትነሣለች። በሩን አየት አድርጋ ወደ ጭላዳው ትጠጋለች፤ ሁለት ጣቶቿን ጉሮሮው ውስጥ ትሰዳለች። አንድ የተጣጠፈ ዛላ ይወጣል። የሳጥኑን ክዳን መልሳ ትከፍትና ጭቃው ላይ ትተክለዋለች። ይጋደልባታል፤ በአውራ ጣቷ ሥሩን ትጠቀጥቃለች። ከዚያ ለሌላው ትመለሳለች።

ደጅ መኪናው ጡሩንባ ይነፋል። ይመኙሽ እጇን ከጭላዳው ሆድ አላወጣችም፤ አፉን ከፍታ ትይዝላታለች።