ከፊት ወንበር የተነሱት እናት

"እማማ፣ ይቅርታ… ይነሱልኝ። ይሄ ወንበር ለእንግዶች ነው።"

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱና ሄደው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ…

ያስነሳቸው ኤርመክ ይባላል። ኪርጊዝስታን ውስጥ፣ ናሪን ከተማ አጠገብ ባለች የተራራ መንደር ውስጥ ላለ ትምህርት ቤት አዲስ የተሾመ ርዕሰ መምህር ነው።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም… ቀኑ የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ደወል የሚደወልበት ነው። ከወረዳ የተጠሩት እንግዶች ደግሞ በሩ ላይ ደርሰዋል።

ትምህርት ቤቱ በእረፍቱ ወራት ሌላ ሆኗል።

መስኮቶቹ ተቀይረዋል። ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል።

ከሁሉም በላይ ግን… ውሃ ገብቷል። ከምንጭ ተጠልፎ የመጣ ንጹህ ውሃ፣ በስድስት ቧንቧ።

ኤርመክ ማይኩን ይዞ ዕቅዱን ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት ግቢው ጥግ ያለው መጸዳጃ ቤት ቀርቶ ሕንጻው ውስጥ አዲስ ይሠራል፤ ከዚያ የኮምፒውተር ክፍል ይከፈታል፤ የከሰል ምድጃውም አንድ ቀን ይቀራል አለ። ወላጆች አጨበጨቡ።

እንግዶቹን አመስግኖ ሊጨርስ ሲል አንድ ነገር ከነከነው…

ምንጩን የሰጠው ሰው።

እሱ ከመሾሙ በፊት መሬቱን ከነምንጩ ለትምህርት ቤቱ የለቀቀ ሰው እንዳለ ሰምቷል። ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ቢጠይቅ ግን "ስሜ እንዳይነሳ ብለዋል" ከማለት በቀር የሚነግረው አላገኘም።

"መሃላችን ካሉ…" አለ በማይኩ፣ "እባክዎ ወደ ፊት ይምጡና እናመስግንዎ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ግን ሰዉ ሁሉ… አንድ በአንድ… ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወደ አሮጊቷ…

ኤርመክ ማይኩ እጁ ላይ ከበደው።

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው በበሩ ወጡ። እሱም እንግዶቹን ትቶ ተከተላቸው።

መንገድ ላይ ደርሶባቸው ይቅርታ ለመናቸው። አላወቅኩም ነበር አላቸው። ተመልሰው ከፊት እንዲቀመጡ፣ ስማቸውም ከቧንቧው በላይ እንደሚጻፍ ነገራቸው።

ዙራካን ይባላሉ። እስኪጨርስ ሰሙትና…

"ልጄ፣ አልተቀየምኩህም" አሉት። "ጉልበቴ አላስቆም ብሎኝ እንጂ፣ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አይገባኝም ነበር።"

"ምንጭ የሰጡ ሰው እንዴት አይገባዎትም?"

"ዘግይቼ ነዋ የሰጠሁት…"

ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር ቆመው ነገሩት።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የመንደሩ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ደጃቸው መጥተው ነበር። ልጆቹ በየተራ ባልዲ ይዘው ወንዝ እየወረዱ ነው ለትምህርት ቤቱ ውሃ የሚያመጡት፤ ምንጩን ስጪን ብለው ለመኗቸው።

ዙራካን ሦስቱንም ጊዜ መለሷቸው። ድንቼ ይደርቅብኛል አሉ።

በዚያው ዓመት፣ ወንዙ ላይ የጋገረው በረዶ መሳሳት በጀመረበት ሰሞን፣ ተራው የአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ሆነ። ጃዝጉል ትባላለች።

በረዶው ከእግሯ ሥር ተሰበረ…

"የኔ ልጅ ናት" አሉ ዙራካን። "ውሃውን እኮ ቀድመው ጠይቀውኝ ነበር።"



ከዚያ ወዲህ ለትምህርት ቤቱ ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በበርሜል ይመጣ ጀመር። ዙራካን ግን በሐዘናቸው ላይ ቂም ጨምረው፣ "ልጄን የበላ ትምህርት ቤት" እያሉ በግቢው አጠገብ እንኳ ሳያልፉ ኖሩ። ቂማቸው በገዛ ራሳቸው ላይ እንደሆነ ያመኑት ገና አምና ነው፤ ምንጩንም ያኔ ሰጡ።

ኤርመክ እንባውን ጠርጎ፣ እንግዲያው የጃዝጉልን ስም እንጻፍ አላቸው።

እናት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይሆንም። ልጆቹ ውሃ በጠጡ ቁጥር የሞተ ልጅ ስም አያንብቡ። ዝም ብለው ይጠጡ።"

ይህን ብለው ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ኤርመክ ሲመለስ ደወሉ ተደውሎ ነበር። የአንደኛ ክፍል ልጆች ቧንቧው ጋ ተሰብስበው በአዲስ ልብሳቸው ላይ ውሃ እየተራጩ ይስቃሉ…

ሊቆጣቸው አፉን ከፈተና… ተወው።

ወዳጆቼ… ብዙዎቻችን የምንሰጠው ነገር አጥተን አይደለም። ጊዜው ነው የሚያልፍብን። ዛሬ ደጃችን ቆሞ የሚለምነን ሰው ምናልባት ለገዛ ልጃችን እየለመነ ይሆናል… አናውቅም።

እናንተስ… "ምነው ያኔ እሺ ባልኩ" ብላችሁ እስከ ዛሬ የሚቆጫችሁ ነገር አለ? ኤርመክንስ ብትሆኑ የልጅቷን ስም ትጽፉ ነበር… ወይስ እናትየውን ትሰሙ ነበር? ከታች ጻፉልኝ።