የሰረቀብርሃን ደረጃ

ሰረቀብርሃን ለኦክላንድ ከተማ ምክር ቤት ሊወዳደር ነው ሲባል ጋሽ ገረመው ምሳቸው አልወርድ አላቸው።

ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩበትን ሕንፃ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ፍሳሹ በመታጠቢያ ገንዳው በኩል ገንፍሎ ሲወጣ አፍንጫውን ይዞ አየና፣ መስኮት ክፈቱ ብሎ ሄደ። ግድግዳው ሻግቷል። ባለቤታቸው ዓመቱን ሙሉ ይስላሉ።

ከእሱ ሌላ ሁለት ሰዎች ቀርበዋል። አንዷ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ያለምዘውድ ናት፤ ከተመረጥኩ ሕንፃዎች በየዓመቱ ይፈተሻሉ ብላለች። ሌላዋ መምህርት ናት። እሷም ይህንኑ ብላለች፤ ግን ጋሽ ገረመው አያውቋትም።

የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ መጣ። ተወዳዳሪዎቹን በደረጃ አስቀምጡ ይላል። ጋሽ ገረመው ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ደረጃ ማውጣት ለእሳቸው አይነገርም። ጎረቤቶቹን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰብስበው አሳዩ። ያለምዘውድ አንደኛ፣ ሁለተኛው ባዶ፣ ያ ቆሻሻ መጨረሻ፣ ሦስተኛ።

"ባዶውን ተዉት" አሉ። "ርቀቱን ይየው።"

አስር ሰዎች እየሳቁ ሞሉ። ዘቢባ ብቻ ቤቴ እሞላለሁ ብላ ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

ሳን ሆዜ ያለችው ልጃቸው ፀደይ ስለዚህ አመራረጥ የኮሌጅ ፔፐር እየጻፈች ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የምክር ቤት ወንበር በዚህ ዓይነት ደረጃ ያከፋፍሉ እንደነበር፣ ኋላ ግን አብዛኞቹ እንደተዉት በስልክ ነገረቻቸው። የወደቀ ሰው ድምፅ፣ ባዶ ቦታ ቢኖር እንኳ ታልፎ፣ ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ ወዳለው ስም ይዞራል ስትላቸው የልብስ ማጠቢያው ጩኸት አላሰማቸውም።

"ቢሸታቸው ነው የተዉት" ብለው ዘጉት።

በሳምንቱ ሰረቀብርሃን የዘቢባን ቧንቧ አስጠገነ። የእሷን ብቻ።

ውጤቱ ወጣ። ያለምዘውድ ቀድማ ወደቀች። ከዚያ የእሷ ድምፅ ዞረና ሰረቀብርሃን መምህርቷን በስድስት ድምፅ አሸነፈ።

ጋሽ ገረመው ዘቢባን ኮሪደሩ ላይ ሲያገኟት አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። አንድ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ያያል።

"ለአንድ ቧንቧ ሸጥሽን። ከፍሳሹ አንቺ ትብሻለሽ።"

ዘቢባ አንገቷን ደፋች።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ እንዳሳዩን አላደረግሁም" አለች። "ሁለተኛ መምህርቷን አልኩ። የእሱ ስም አጠገብ ግን፣ መጨረሻ አድርጌም ቢሆን፣ ብዕሬን ማሳረፍ ቀፈፈኝ።"