ሁለተኛው ክር

ፊደል አልቆጠረችም ብሎ ከተማው ሁሉ አሮጊቷን ልብስ ሰፊ ይንቃታል። ሜትር ይዞ የሚሳሳተውን ግን ማንም አይንቅም። እሷ የሰውን ልክ በክር ላይ ቋጥራ ነው የምትይዘው፤ በሃምሳ ዓመት አንድ እጅጌ ተሳስታ አታውቅም።

ታጣቂዎች ገበያውን የፈጁ ቀን፣ ፊቱ በጥይት የጠፋ አንድ ሬሳ በጫማው ተለይቶ የልጅ ልጇ እጮኛ የሆነው ግንበኛ ነው ተባለ። ለመገነዣው በሌላ ክር ለካችው፤ ለሰርጉ ኮት ከቋጠረችው ክር ጋር አስተያየችና "ይሄ ግንበኛው አይደለም፤ ክንዱ በስንዝር ያጥራል" አለች።

"እማማ፣ ሐዘኑ አዙሮዎት ነው" ብለው ቀበሩት።

ያመነቻት የልጅ ልጇ ብቻ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ የሰርጉን ኮት እየቦረሸች ጠበቀች።

ዛሬ ረፋድ ላይ ግንበኛው በሩን ከፍቶ ገባ። ፊቱ ያው፣ ሳቁም ያው።

"እማማ፣ እርስዎ እስካሁን አልሞቱም እንዴ?" ሲል የድሮ ቀልዱን ቀለደ።

"አንተ ዋልጌ! እኔማ ብያቸው ነበር!" አለችና በደስታ ኮቱን አለበሰችው።

እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ።

"ከስቶ እኮ ነው" አለች ልጅቷ፣ እጁን ከእጅጌው ውስጥ ፈልጋ እየያዘች። ከዚያን ቀን ወዲህ ገና መሳቋ ነበር።

"ሰው ሲከሳ ክንዱ አያጥርም።"

አሮጊቷ ከመሳቢያው ሬሳውን የለካችበትን ክር አወጣች። ትከሻው ላይ ዘረጋችው፤ ቋጠሮው ገጠመ። ክንዱ ላይ ዘረጋችው፤ እዚያም ገጠመ። እሱ ፈገግ እንዳለ ተለካ።

"የማን ልጅ እንደሆንክ አላውቅም" አለችው ድምፅዋ እየተሰበረ፤ "የገነዝኩህ ግን እኔ ነኝ። የልጄን እጅ ልቀቅ።"