የግራና የቀኝ ምርኮኞች

ካጂታኒ ሟቹ ጨዋታ ሳይጨርሱ የተዉትን የሾጊ፣ የጃፓን ቼዝ፣ ሰሌዳ ዘጠኝ ረድፎች በፊደልና በቁጥር አስፍሮ የመስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። እዚያ የሚጻፈው የተማረኩት ጠጠሮች በማን እጅ እንዳሉ ነው፤ በሾጊ ምርኮኛ ዞሮ ለማራኪው ይዋጋልና።

«ወይዘሮ ፉሚኤ፣ ከሰሌዳው ግራና ቀኝ የነበሩትስ?»

«እንዳይጠፉ ብዬ አንድ ላይ አደረግኋቸው» አሉ መበለቲቱ፣ አስራ አንድ ጠጠር የያዘ የሻይ ሲኒ እያቀረቡለት። «ሰሌዳውንማ በጣቴም አልነካሁት!»

«ጋሼ ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱት?»

«ከማን ጋር ይጫወታሉ? ብቻቸውን፣ ግራ እጃቸው ከቀኛቸው ጋር ነዋ! ሆስፒታል ሲሄዱ ‹ስመለስ የቀኜ ጉድ ይፈላል› ብለውኝ ነበር። እስቲ ይንገሩኝ፣ እውነት ግራቸው ሊያሸንፍ ነበር?»

ካጂታኒ ጠጠሮቹን መዳፉ ላይ ገለበጣቸው። የሁለቱም ወገን መልክ አንድ ነው፤ የትኛው በየትኛው እጅ እንደነበር አይለይም። የሾጊ ክበቦች ሁሉ የሰሌዳ አሰላለፍን በአንድ ደንብ እንዲጽፉ ሦስት ዓመት የተሟገተው እሱ ነበር። «ያልታወቀ» የሚል ምልክት ይጨመር ሲሉትም፣ «ሰሌዳው ፊቱ ተዘርግቶ የማያውቅ ማን አለ?» ብሎ ያስቀረው እሱ ነው።

ሴትዮዋ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁ ነበር። ካጂታኒ ባዶው ቦታ ላይ አጭር ሰረዝ አሰመረ። በደንቡ ሰረዝ ማለት ሁለቱም እጆች ምንም አልማረኩም ማለት ነው።