ቀይ አበባ ያለበት ሳህን

ውድነሽ በከተማ ማደስ ፕሮግራም ቀያሽ ሆና ስትቀጠር፣ በፌዴራል በጀት ደመወዝ እንደሚበላው ሠራተኛ ሁሉ፣ ለሰፈሯ እንዳታዳላ የሰፈሯን ሰዎች ትዝታ ከጭንቅላቷ አስወጥታ ለመሥሪያ ቤቱ አስረክባ ነው የገባችው። ደመወዙ አንጀት ያርሳል። ቤቷ ብፌ ውስጥ ያለው፣ ቀይ አበባ የተሳለበት የብረት ሳህን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አላስቀመጣትም። የሰው ዕቃ ነው፤ ግን የማን?

ዛሬ በሠራተኛ ቅነሳው ስሟ ወጣ። የስንብት ደብዳቤዋን ፈርማ፣ ትዝታዋን ተረክባ ቤቷ ገባች። ሳህኑን ከብፌው አወጣችው።

የእትዬ ፋንታዬ ነው! ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ እናቷ ስትሞት አዝለው ያሳደጓት እትዬ ፋንታዬ። ስድስት ዓመት በደጃቸው ስታልፍ እንደ ባዳ "ጤና ይስጥልኝ" ብቻ ነበር የምትላቸው።

የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስምና ትኩስ ፍርፍር ሞልታበት ተሻገረች። አሮጊቷ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ሳህኑን ነው።

"ተባረርሽ እንዴ?"

"ተባረርኩ።"

"እሰይ! ተመስገን!" አሉ እንባቸው እየቀደማቸው። "በይ እስቲ፣ አንዴ ስሜን ጥሪኝ።"