ቅኝቱ ሳይነካ

«አታጥብቀው፤ የሚያፈስ የለም» ትለዋለች ሚስቱ፣ ድንች እየላጠች።

ቧንቧ ሠራተኛው ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጊታሩን ታቅፎ፣ ቀለበት ጣቱ ላይ ያጠለቀውን የናስ ቧንቧ ቁራጭ፣ በጣት ፋንታ እያንሸራተተ ሊጫወትበት፣ ክሮቹ ላይ ይጫነዋል። ክሮቹ ጎብጠው የጊታሩ አንገት ላይ ከተጋደሙት ብረቶች ጋር ይላተማሉ፤ ማንኪያ የሞላበት መሳቢያ የተደፋ ይመስላል። በእጁም አይፈረድም፤ ዕድሜ ልኩን ቧንቧ ይዞ ሳያጠብቅ የለቀቀበት ቀን የለም።

«ላዩ ላይ አሳርፈው ብቻ። ደግሞ በሁለቱ ብረቶች መሃል ሳይሆን ልክ ከብረቱ አናት ላይ።»

«እሺ እመቤቴ።»

ሰውየው ለዝና አይደለም የሚደክመው። ድሮ የሚስቱ ወንድም ጊታር ይመታ ነበር፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ሳህን እያጠበ ይሰማል። ወንድምየው ሥራ አግኝቶ ከራቀ ወዲህ አንድ ቀን ዘፍና አታውቅም። ጊታር እያስተማረች ብትኖርም «እጄ ሲሠራ አፌ ይዘጋል» ባይ ናት። ድምጿ ናፍቆታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት አቋራጭ አግኝቶ ነበር። አንዱን ክር አላልቶ ሌላውን ወጥሮ ቅኝቱን ሲለውጠው፣ ቧንቧውን የትም ቢያሳርፍ ስድስቱም ተስማምተው አዜሙለት። ታዲያ እንደነበረ ሳይመልሰው ሥራ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሊማር የመጣው የባንክ ጥበቃ የለመደው ዘፈን ጠፋበትና፣ ጣቶቹን እያገላበጠ «ሐኪም ጋ ልታይ ይሆን?» ሲል የሰውየው ሚስት ቅኝቱ መለወጡን ደረሰችበት።

«ይሄ የምሠራበት ዕቃ ነው» አለችው ያን ማታ። «ቅኝቱን ሳትነካ ከቻልክ ተጫወት፤ ካልቻልክ ቧንቧህን ወደ መፍቻዎችህ መልሰው።»

አሁን ስድስቱም ክሮች እንደ ባላንጣ ይነታረኩበታል።

«ሁሉንም ባንዴ አትነካካ» ትላለች። «ቀጭኗን ዝለልና ቀጥለው ያሉትን ሦስቱን ብቻ ምታ፤ እነሱ ይስማማሉ። የቀሩትን በቀኝ መዳፍህ አፍናቸው። ከቧንቧው ኋላ ደግሞ በሌባ ጣትህ ዳበስ አድርገህ ዝም አሰኛቸው።»

«መጫወት ነው ወይስ ዝም ማሰኘት የምማረው?»

«ይበልጡ ዝም ማሰኘት ነው። አንተ እንኳን ክር፣ እኔንም ዝም አሰኝተህ አታውቅ።»

«ሞክሬ አላውቅማ።»

ትስቃለች። «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉማ ሄዷል፣ እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ትከሻውን ያላላል። ቧንቧው በገዛ ክብደቱ ክሮቹ ላይ ያርፋል፤ ሦስቱን ይመታቸዋል። አይላተሙም። ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሲስበው ድምፁ ያለ ደረጃ፣ ያለ መሰናክል ይወጣል። ከብረቱ አናት ትንሽ ያልፋል፤ መለስ ሲያደርገው ልክ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ እጅ ይወጣል ብሎ አላሰበም፤ ደስታው እስከ ጆሮው ይሞቀዋል።

ይደግመዋል። ከዚያ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ስላላወቀ እጁን ያቆማል።

ድምፁ ግን አልቆመም።

ከድንቹ ልጣጭ በላይ፣ ከሚስቱ የተከደነ አፍ፣ እሱ የተወውን ይዞ እየቀጠለ ነው። ቀና ብሎ ቢያያት የምትተወው እየመሰለው፣ ዓይኑን ከናሱ ሳያነሳ ቧንቧውን መልሶ ያሳርፍና ይከተላታል።