የጎደሬ ቆዳ

ሰኞ ጠዋት ሮማነወርቅ የቤተ ሙከራውን በር ስትከፍት ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጣት። ከቤቷም የወጣችው ተናዳ ነበር። ዓርብ ዕለት ከቅጠል ላይ ልጣ፣ እንዲደርቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችውን ስስ ጎማ አውጥታ በማይክሮስኮፕ ስታየው ደግሞ ደሟ ፈላ። እንደገና ተደፍጥጧል።

ጎማው ጫማ ውስጥ ለሚገባ የግፊት መለኪያ የታሰበ ነው። ስኳር በሽታ እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰዎች እሾህ ተሰክቶባቸው ሲሄዱ ይውላሉ፤ መለኪያው ያንን ቀድሞ እንዲነግራቸው ነው። ሐሳቡን ያገኘችው ውሃ ከማያርፍበት ከጎደሬ ቅጠል ነው። የቅጠሉ ቆዳ በዓይን በማይታዩ ጉብታዎች የተሸፈነ ነው። ቅጠሉ ላይ ፈስሶ የእነሱን ቅርጽ የያዘው ጎማ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ሁለት ንጣፎች መሃል ይገባል። ሲረገጥ ጉብታዎቹ ይጎብጣሉ፣ ንጣፎቹ ይቀራረባሉ፣ የሚይዙት ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ጎማው በደንብ ሳይደርቅ ጠበቅ አድርጎ የያዘው ሰው ግን ጉብታዎቹን አጠፋቸው ማለት ነው።

ከእሷ ሌላ ቁልፍ የነበራት ጸሎት ብቻ ናት። ጸሎት የኤሌክትሮኒክስ መምህርት ናት። ፕሮጀክቱን ለመምራት አመልክታ ነበር፤ የተመረጠችው ግን ሮማነወርቅ ሆነች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጸሎት በሁሉ ነገር መግባት አብዝታለች። ቅጠሉን እኔ ልላጠው ትላለች። መለኪያውን እኔ ልሞክረው ትላለች። ባለፈው ሳምንት ሮማነወርቅ የመጀመሪያውን መለኪያ በጣቷ ጫፍ ለስለስ አድርጋ ስትነካው ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። ጸሎት ስትነካው ግን እንደሚገባው ከፍ ዝቅ አለ። ሮማነወርቅ መሣሪያውን ነካክተሽዋል ብላ ጮኸችባት። ጸሎት ዓይኗን ሰበረች።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ተመስገንን መምህራን ክበብ አገኘችው። ሻይ ቀረበላቸው። ተመስገን የብርጭቆውን አፍ በሁለት ጣቱ ይዞ እፍ ሲል፣ እሷ የራሷን ብርጭቆ ጨምድዳ ይዛ ታወራ ነበር። የፕሮጀክቱ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው፤ የማሳያቸው ምን አለኝ አለችው። ተመስገን ነገሩን ሊያበርድ ሞከረ፤ ጸሎት እንዲህ የምታደርግ ሰው አይደለችም አለ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

«ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለችው።

ጸሎት ቁልፏን እንድታስረክብ ተደረገ። አልተከራከረችም፤ አላለቀሰችምም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ሮማን፣ ዶክተር ወልደ ጊዮርጊስ ጋ ሂጂ። ነግሬያቸዋለሁ» ብላ ወጣች።

ዶክተር ወልደ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ውስጥ የእግር ቁስለኞችን የሚያክሙ፣ መለኪያውንም በታካሚዎቻቸው ላይ የሚሞክሩ አዛውንት ናቸው። ሮማነወርቅ ነገሩ ገባት። ጸሎት እሳቸው ዘንድም ሄዳ ስሟን አጥፍታለች። ለመሄድ አልፈለገችም። ሌላ ጎማ በቅጠል ላይ አፍስሳ፣ ራሷ ልጣ፣ ራሷ አስቀምጣ በሩን ቆለፈች። ሲደርቅ አውጥታ ብታየው ተደፍጥጧል።

አስቀርጻለች ማለት ነው፤ ሁለተኛ ቁልፍ አላት። ሮማነወርቅ የበሩን መቆለፊያ አስቀየረች። ሌላ አዘጋጀች። እሱም ተደፈጠጠ።

ያን ጊዜ ባጃጅ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። በመንገዷ ሁሉ የምትናገረውን እያሰላሰለች፣ ጥርሷን እያፋጨች ነበር። ወረፋ የያዙትን ሰዎች አልፋ ገባች። ሳትቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ቅናቱን፣ ቁልፉን፣ መሣሪያው ላይ የተሠራውን ሸፍጥ። ያቺ ሴት ምን ብላ እንዳወራቻቸውም ጠየቀች። ዶክተሩ ሳያቋርጡ አዳመጧት። ስትጨርስ ወንበር ሳቡላት።

«እጆችሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊልኝ» አሏት መርፌ እያወጡ። «አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ። መርፌው ጣትሽን ሲነካው ንገሪኝ።»

የታካሚዎቹን እግር እንዴት እንደሚመረምሩ ሊያሳዩኝ ነው ብላ አሰበች። ሰው ሥራው ሲፈርስበት እኚህ ሰውዬ ትምህርት ይሰጣሉ። ቢሆንም ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቀች። በረንዳው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ያወራሉ፣ ሰው ይስላል፤ ዶክተሩ ግን ዝም ብለዋል። መጨረሻ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ይጀምሩ እንጂ ዶክተር፤ ሥራ አለኝ።»

«ጨርሻለሁ፣ ልጄ።»